መጠበቅና መጠባበቅ

ለሰው ልጅ ከተሰጡት በረከቶች ሁሉ እንደ አየርና እንደ ውኃ ለሁሉ የሚያስፈልግ የለም። እህልን ሰው መርጦ ይበላል፥ የጠላውንም ይተዋል፤ አየርን ግን መርጦ ሊተነፍስ፥ ውኃንም ትቶ ሊኖር አይችልም። የገጠር ሰው ምንጩን በዐይኑ አይቶ፥ ከብት እንዳይገባበት አጥሮ ይጠጣል። የከተማ ሰው ግን ቧንቧውን ሲከፍት ውኃው ከየት እንደ መጣ፥ በምንስ እንደ ተጣራ አያውቅም፤ የሚጠጣው አይቶት የማያውቀውን ሹም አምኖ ነው። ስለዚህ እናት ለልጇ አንድ ብርጭቆ ውኃ በሰጠች ቍጥር ልጇን ለዚያ ሹም አደራ ሰጥታለች።

እንግዲህ ልንመረምረው የፈለግነው ነገር ይህ ነው፤ ይህን አደራ የተቀበለ ሰው ዕዳው እስከ ምን ድረስ ነው? ጥበቃውስ ለብዙዎች በተከፋፈለ ጊዜ የእያንዳንዱ ዕዳ ይቀንሳልን?

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። መጠበቅ ማለት ክፉ ነገር እንዳይደርስ ተግቶ መከላከል ነው፤ እረኛ በጎቹን ይጠብቃል እንዲሉ። አንድም መጠበቅ ማለት የሚመጣውን እያዩ መቆየት ነው፤ መንገደኛ ጓደኛውን ይጠብቃል እንዲሉ። ከዚህም መጠባበቅ የሚለው ይወጣል፤ ይኸውም አንዱ ሌላውን እያየ፥ እርሱ ይጀምር እያለ መቀመጥ ነው። ቃሉ ከአንድ ሥር የወጣ ሲሆን ሥራው እጅግ የተራራቀ ነው። ብዙ ሹም በመጀመሪያው ፍች ተሾሞ በሁለተኛው ፍች ይኖራል። ይህንም በአሜሪካ አገር ከሆነው ነገር እንረዳለን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በፔንስልቬንያ ግዛት በወንዝ ዳር ባለ ሸለቆ ውስጥ ዶኖራ የምትባል 14,000 ያህል ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። የብረትና የዚንክ ፋብሪካዎች ሌት ተቀን ያጨሱባት ነበር። በ1948 በጥቅምት ወር መጨረሻ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው አየር ላይ እንደ ምጣድ አክንባሎ ተደፍቶ ጢሱን ለቀናት በሸለቆው ውስጥ አፈነው። 20 ሰዎች ሞቱ፤ ከሕዝቡም እኩሌታ የሚያህለው ታመመ። የዚንኩ ፋብሪካ ሥራውን ያቆመው ሞቱ ከበዛ በኋላ ነበር፤ ጭጋጉንም ያጠበው ዝናብ ነው። በዚያ ዘመን አየርን ጠብቅ ተብሎ በሕግ የታዘዘ ሹም ስላልነበረ፥ ጠባቂው የት ነበር ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም።

ከዚህና ይህን ከመሰለው መከራ የተነሣ ሕግ ወጣ። በ1970 ስለ አየር፥ በ1972 ስለ ወንዝና ሐይቅ፥ በ1974 ስለሚጠጣ ውኃ ታላላቅ ሕጎች ታወጁ። የሕጎቹም አሠራር እንዲህ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ልኩን ይወስናል፤ የየግዛቱ መንግሥት ልኩ እንዳይታለፍ ይቈጣጠራል፤ ግዛቱ ቢደክም ማዕከላዊው መንግሥት ገብቶ ያዝዛል። በሚጠጣው ውኃ ረገድ ከዋዮሚንግ በቀር ግዛቶች ሁሉ ይህን የመቈጣጠር ሥልጣን ተቀብለዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የቅርቡ ቢያንቀላፋ የሩቁ ይነቃል ተብሎ ታስቦአልና። ነገር ግን በአንድ በር ላይ ሦስት ዘበኞች በቆሙ ጊዜ እያንዳንዱ ሌሎቹን ተማምኖ ሊያንቀላፋ ይችላል።

ይህም በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ታየ። ከተማይቱ በገንዘብ ችግር ላይ ስለ ነበረች የምትተዳደረው ግዛቱ በሾመው የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ ነበር። በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከዲትሮይት ተገዝቶ ይመጣ የነበረው የሂውሮን ሐይቅ ውኃ ቀረና ሕዝቡ የፍሊንትን ወንዝ ውኃ እንዲጠጣ ተደረገ። የወንዙ ውኃ ቧንቧን የሚበላ ነበር፤ አሮጌዎቹ ቧንቧዎችም ብዙዎቹ እርሳስ ነበሩ፤ ይኸውም በመጽሐፍ ዐረር የተባለው ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በውኃ ውስጥ ሲሟሟም መልክና ጣዕም የለውም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በዚህ ደረሰ።

ቧንቧው እንዳይበላ በውኃው ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አለ። የግዛቱ መሥሪያ ቤት ግን ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ወር ምርመራ ይደረግ፥ መድኃኒት ያስፈልግ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ይታያል አለ። እንግዲህ ከላይ የተናገርነውን ልብ በሉ፤ ጠብቅ የተባለው ሹም ጠበቀ፤ ነገር ግን ሕዝቡን አልጠበቀም፥ የምርመራውን ቀን ጠበቀ እንጂ።

ሕዝቡ የደፈረሰውንና የሚሸተውን ውኃ በጠርሙስ እየያዘ መጥቶ አሳየ። በጥቅምት 2014 ጄኔራል ሞተርስ የሞተር ክፍሎቹን ስላዛገበት በዚህ ውኃ መጠቀሙን ተወ፤ ለብረት ያልተስማማው ውኃ ግን ለሕፃናት ይሰጥ ነበር። በ1991 የወጣው ደንብ ከተመረመሩት ቤቶች ከዐሥር አንዱ እጅ የሚበልጠው በአንድ ሊትር ከ15 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ ከተገኘበት እርምጃ ይወሰድ ይል ነበር። በ2015 ከ71 ቤቶች ናሙና ተቀዳ። ከእነዚህም ሁለቱ፥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው፥ ለናሙና የተደነገገውን አያሟሉም ተብለው ተሰረዙ፤ በቀሩት በ69ኙ ሲቈጠር ከተማይቱ ከልኩ በታች ሆነች። ቍጥሩ ዳነ፥ ሕፃናቱ ግን አልዳኑም።

የማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትስ? ከሠራተኞቹ አንዱ በሰኔ 2015 አደጋውን ጽፎ አስታወቀ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን የአስቸኳይ ትእዛዝ የሰጠው በጥር 2016 ነው። የራሱም መርማሪ ትእዛዙ ከሰባት ወር በፊት ሊሰጥ ይቻል እንደ ነበረ በኋላ መሰከረ። ከተማው ግዛቱ ፈቅዶአል ይል ነበር፤ ግዛቱ ደንቡ ግልጽ አይደለም ይል ነበር፤ ማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣኑ የግዛቱ ነው ይል ነበር። ይህ መጠበቅ አይደለም፥ መጠባበቅ ነው።

በዚህ ስፍራ ስለ ሹሞቹ የሚከራከር ሰው ይነሣ ይሆናል። ሕዝቡን ሊመርዝ ያሰበ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ ሠራተኛ የሚሠራው በተጻፈለት ደንብ ነው፤ ከደንቡ አልፎ ቢሄድ ደግሞ ሥርዓት ይፈርሳል ይል ይሆናል። ይህ ክርክር የማይናቅ ነው፤ እኛም ሹም ሁሉ ከሥልጣኑ ይለፍ አንልም። ነገር ግን ደንብ አገልጋይ ነው፥ የሚያገለግለውም የሚጠጣውን ሰው ነው። ደንቡ ሁለት መንገድ ያለው መስሎ በታየ ጊዜ ጠባቂ የሚመርጠው ለሚጠጣው የሚሻለውን ነው፤ ለራሱ የሚቀለውን የመረጠ ግን ጠባቂነቱን ትቶአል። ክፉ አላሰብሁም ማለትም እረኛን ነጻ አያወጣውም። ተኩላን የጠራ እረኛ የለም፤ የሚፈረድበት ተኩላ ሲመጣ ስለ ተቀመጠ ነው።

ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ከመግደሉ ቀጥሎ የካደው ጠባቂነቱን ነበር። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በ33ኛው ምዕራፍ ስለ ጕበኛ ሲያስተምር፥ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጕበኛ የጠፋው ሰው ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ይነግረናል። በቅጥሩ ላይ ሌሎች ጕበኞች ነበሩ ብሎ የደሙን ዕዳ ለሁለት ወይም ለሦስት አልከፈለለትም። ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ ሥራ ይከፋፈላል፥ አደራ ግን አይከፋፈልም። እያንዳንዱ ጠባቂ እጁ በሚደርስበት ሁሉ ሙሉውን ይጠየቃል። ግዛቱ ራሱ ያቆመው መርማሪ ጉባኤ በመጋቢት 2016 ዋናው ኀላፊነት የግዛቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው ሲል፥ የቀሩትንም ነጻ አላደረጋቸውም።

ሕዝቡን በእውነት የጠበቁት እነማን ነበሩ? ውኃውን ይዘው ከደጅ ደጅ የዞሩ እናቶች፥ ውኃውን የመረመሩት ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው፥ በሕፃናት ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን በመስከረም 2015 በአደባባይ የተናገሩት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሞና ሃና አቲሻ ናቸው። ሐኪምዋ በመጀመሪያ ተነቀፉ፤ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ግን ሹሞቹ እውነቱን ተቀበሉ፥ በጥቅምትም ከተማይቱ ወደ ቀድሞው ውኃ ተመለሰች። ኋላም ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ተወሰነ፤ የእርሳሱ ቧንቧም እየተቈፈረ ወጣ። ቧንቧ ይለወጣል፥ ገንዘብም ይከፈላል፤ በሕፃን አእምሮ ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን በገንዘብ የሚመልስ የለም።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ከእናንተ መካከል በእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ቢኖር፥ በወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት ይህን ውኃ ለልጄ አጠጣዋለሁን ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አላጠጣውም ካለ አይፈርም፤ ሌላው እስኪናገርም አይቈይ። እኛ ካህናትም በነፍስ ላይ የተሾምን ጠባቂዎች ነንና በሹሞቹ ከመፍረድ አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር። የታመመውን ምእመን ሌላው ካህን ይጠይቀዋል ብለን፥ የተጣሉትንም ሌላው ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል ብለን የተቀመጥንበት ቀን ስንት ነው? ያን ቀን እኛም ተጠባበቅን እንጂ አልጠበቅንም። የማያንቀላፋው እውነተኛ ጠባቂ ትጉሃን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።