የሩዝቬልት ልብ ያስተማረን

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዊዝ ቦይ፣ በመራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው «ኩዊንሲ» የጦር መርከብ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ ነበር። የዚያን ሰሞን ፎቶግራፎች የከሳና የገረጣ ሰው ያሳያሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በተባለ ስፍራ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ሕዝቡ ዱብ ዕዳ ሆነበት። የሕክምና መዝገባቸውን ላየ ግን ሞቱ ለዓመታት ሲመጣ የቆየ ነበር።

ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1935 የሩዝቬልት የደም ግፊት 136 በ78 ነበር። በ1937 ወደ 162 በ98፣ በ1941 ደግሞ ወደ 188 በ105 ወጣ። የግል ሐኪማቸው አድሚራል ሮስ ማኪንታየር የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ነበሩ። በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጥሩት ስለነበር ቁጥሩ ማንንም አላስደነገጠም።

በማርች 1944 መጨረሻ ወጣቱ የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩየን በቤቴስዳ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ፕሬዚዳንቱን መረመሩ። ግፊቱ 186 በ108 ነበር። ኤክስሬዩ የገዘፈ ልብ አሳየ፤ ከሳንባቸው ግርጌም የፈሳሽ ድምፅ ይሰማ ነበር። ልባቸው መድከም ጀምሮ ነበር።

ልብ ለምን ይገዝፋል? የግራው ታችኛ የልብ ክፍል ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚረጨው በደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት አሸንፎ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ጡንቻው በየምቱ ይበልጥ ይወጠራል። የአዋቂ ሰው የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ደግሞ እምብዛም አይባዙም፤ ሥራ ሲበዛባቸው በቁጥር ከመጨመር ይልቅ እያንዳንዳቸው ይወፍራሉ። በውስጣቸው ያሉት የሚኮማተሩ የፕሮቲን ክሮች ጎን ለጎን እየተደረደሩ ግድግዳውን ያወፍሩታል። ጭነቱ የግፊት ሳይሆን የደም መጠን ሲሆን፣ ለምሳሌ በአገራችን በብዛት እንደሚታየው በሩማቲክ የልብ ሕመም የተበላሸ ቫልቭ ደምን ወደኋላ ሲያፈስ፣ ክሮቹ ጫፍ ለጫፍ ይቀጠላሉ። ያን ጊዜ ሕዋሱ ይረዝማል፤ የልቡ ክፍልም ይሰፋል።

ይህን እድገት የሚያዙት ውጥረቱ ራሱና በደም የሚመጡ መልእክቶች ናቸው። አንጂዮቴንሲንና ኖርአድሬናሊን ሕዋሱን «እደግ» ይሉታል። በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ሲበረክት ካልሲኒዩሪን የተባለ ኢንዛይም ይነቃል፤ እሱም ኤንፋት የተባለውን ፕሮቲን ወደ ኒውክሊየስ ያስገባዋል። በፅንስነት ዘመን ሠርተው የተዘጉ ጂኖች እንደገና ይከፈታሉ። የጄፍሪ ሞልኬንቲንና የኤሪክ ኦልሰን ቡድን ይህን መንገድ በ1998 በአይጦች ላይ አሳይቷል።

መወፈሩ መጀመሪያ ላይ ይጠቅማል፤ ውጥረቱን ለብዙ ጡንቻ ያካፍለዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ጭነቱ ሳይወርድ ሲቀር ነው። የወፈረው ጡንቻ የሚበቃው ቀጫጭን የደም ሥር ስለማይበቅልለት ኦክስጅን ያንሰዋል። በሕዋሳቱ መካከል ኮላጅን እየተጠራቀመ ግድግዳው ይደድራል፤ በሁለት ምቶች መካከል ላልቶ ደም መቀበል ይሳነዋል። ወደፊት ያልሄደው ደም ሳንባ ላይ ይታቆራል። ብሩየን በማዳመጫቸው የሰሙት የዚህን ውጤት ነበር። የሯጭና የነፍሰ ጡር ልብም ይገዝፋል፤ ነገር ግን ጭነቱ ፋታ ስለሚሰጥ ጡንቻው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የግፊት ጭነት ግን ሌሊትም ፋታ የለውም።

ብሩየን ዲጂታሊስ የተባለውን የልብ መድኃኒት አዘዙ፤ ጨው እንዲቀነስ፣ ሲጋራ እንዲያንስ፣ ዕረፍት እንዲበዛ መከሩ። ሳንባው ጠራ፤ ፕሬዚዳንቱም ቀለል አላቸው። ግፊቱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወርድ መድኃኒት ግን በዘመኑ አልነበረም። ለሕዝቡ ጤናቸው መልካም እንደሆነ ተነገረው፤ በኖቬምበር ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። በመጨረሻው ቀን ከጭንቅላታቸው በስተኋላ ብርቱ ሕመም ተሰምቷቸው ራሳቸውን ሳቱ። ሲለካ ግፊቱ ከ300 በ190 በላይ ነበር፤ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን የብሔራዊ የልብ ሕግን ፈረሙ። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የፍራሚንግሃም ጥናት ተጀመረ፤ 5,209 ነዋሪዎች በየጊዜው እየተመረመሩ ለአሥርታት ክትትል ተደረገላቸው። ግፊት መጨመሩ ጉዳት የሌለው የዕድሜ ጸጋ አለመሆኑ ታወቀ። በ1990 የወጣ የዚሁ ጥናት ውጤት፣ የልብ ሕመም ገና ባልታየባቸው ሰዎች እንኳ የግራ ልብ ጡንቻ መክበድ ለሞት አደጋ ምልክት መሆኑን አሳየ። ዛሬ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች የአንጂዮቴንሲንን ትእዛዝ ይቀንሳሉ፤ ግፊቱ ሲወርድ የወፈረው ግድግዳም ሊሳሳ ይችላል።

ሩዝቬልት የዓለምን ጦርነት ይመሩ የነበሩ፣ ሐኪም ከአጠገባቸው የማይለይ ሰው ነበሩ፤ ያጡት መድኃኒቱን ነው። እኛ መድኃኒቱ አለን፤ ብዙዎቻችን ያጣነው መለካቱን ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ምንም ባያምዎትም ግፊትዎን ይለኩ። መድኃኒት ከጀመሩም «ተሻለኝ» ብለው በራስዎ አያቁሙ፤ ልብ የሚገዝፈው ሳያሳምም ነውና።