ከዋሻው መውጣትን አትርሳ

ልጄ፣ እንቅልፍ አጥተህ እንደሰነበትህ ሰማሁ። ስትጠየቅ «ራሴን ስመረምር ነው የማድረው» ብለሃል አሉ። ራስን መመርመር ደግ ነገር ነው፤ አባቶችም ያዘዙን ነው። የአንተ ግን እሱ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

የሚመረምር ሰው «ምን አደረግሁ? ነገስ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሲያገኝ ብድግ ይላል። የሚብሰለሰል ሰው ግን «ለምን እኔን?» እያለ፣ እህሉ ከተነሣ በኋላ ባዶ አውድማ ላይ እንደሚዞር በሬ ይደክማል። ሁለቱም ዝም ብለው ስለሚቀመጡ ከውጭ መለየቱ ያስቸግራል። በካናዳ ፖል ትራፕኔልና ጄኒፈር ካምቤል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ለይተው ጽፈውታል፤ አንዱ ራስን ከማወቅ ጉጉት፣ ሌላው ከስጋት፣ ከጉዳትና ከበደል ይነሣል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ደግሞ የስታንፎርድ ተማሪዎች ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉ መዝግባ ሳለ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከአደጋው በኋላ ተመልሳ ስትጠይቃቸው፣ ቀድሞም ማብሰልሰል የሚያዘወትሩት ከሌሎቹ ይልቅ በድብርት ተይዘው አገኘቻቸው። ከሰባት ሳምንት በኋላም እንዲሁ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መውጫ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት አጠገብ ጭና ደርሶ ሰላማዊ ሰው ካለቀ ወዲህ፣ ከደባርቅ እስከ አምባ ጊዮርጊስ የሚብሰለሰለው ብዙ ነው። ማዘንህ ድክመት አይደለም፣ ልጄ። ሐዘኑን አንተ አላመጣኸውም። እኔ የምፈራው ብቻህን ይዘኸው መቅረትህን ነው።

የአገራችንን ሰው ዘርዐ ያዕቆብን አስብ። «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የእሱ ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ታሪኩ ግን ለእኛ ይጠቅመናል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ሲያስብና ሲጸልይ ኖረ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ዋሻ ነው። እኔን የሚደንቀኝ የኋላው ነው። ንጉሡ ሲሞት ወጣ፤ እንፍራንዝ ወርዶ ሀብቱ ከተባለ ባለጸጋ ቤት ጽሕፈት ያዘ፤ ልጆች አስተማረ፤ ሒሩትን አግብቶ ልጅ ወለደ። ሐተታውን የጻፈውም በእርጅናው፣ ተማሪው ወልደ ሕይወት ለምኖት ነው። ዋሻ ውስጥ ያሰበውን ሰው መሀል ኖሮ አየው።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ለሐሳብህ ቀን ላይ ሰዓት ስጠው፤ ሌሊት ሁሉም ነገር ገዝፎ ይታያል። ያስጨነቀህን በወረቀት ጻፈው፤ ከጥያቄህ ውስጥ በእጅህ ያለውንና የሌለውን ለይ። በእጅህ ያለውን፣ ትንሽም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ሥራው። የሌለውን ለአንድ ሰው ንገረው፤ ለንስሐ አባትህ፣ ለእናትህ ወይም ለእኔ። ከጓደኞችህ ቡና አትቅር። ገብሱ አረም ሲይዘው ከሰው ጋር ውረድ፤ እጅ ሲሠራ ልብ ፋታ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንቅልፍህ፣ ምግብህና የሥራ ፍላጎትህ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደጠፋ ከቀረ ግን፣ ወይም መኖር ካስጠላህ አንድ ቀንም ሳታድር፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብህ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። «እብድ ይሉኛል» ብለህ አትቅር። ጸበሉን ተጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሐኪሙ ሳያዝህም መድኃኒት አታቋርጥ። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ ካልክ ሌሊትም ቢሆን በሬን አንኳኳ፤ አብሬህ እወርዳለሁ።