ትልና የሥጋ ባሕርይ

በባሮ ወንዝ ዳርቻ፣ በጋምቤላ ሐሩር፣ ዓሣ ተበልቶ የተጣለው ሆድ ዕቃ ነጫጭ ትል ሲያፈላ ያየ ሰው፣ ትል ከራሱ ከሥጋው የሚወለድ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ የጥንት ፈላስፎችም እንዲሁ ይሉ ነበርና። ነገር ግን ኢጣሊያዊው ፍራንቼስኮ ሬዲ በ1668 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሥጋውን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ዝንብ ካልደረሰበት ትል እንደማያወጣ አሳየ። ከዚህ የተነሣ እኔ፣ ክፋት የሥጋ ጠባይ ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ሥጋ በባሕርዩ መልካም ሲሆን፣ ክፋት ግን እንደ ዝንብ እንቁላል ከውጭ መጥቶ ክዳን ባጣ ልቡና ላይ ያርፋል። ወደ ባሮ ዳርቻው ትል ስንመለስ፣ ያለውን ትል የፈላ ውኃ ይገድለዋል፤ የዓሣው ሆድ ዕቃ የሚጣልበት ጉድጓድ ሳይከደን ካደረ ግን፣ በዚህ ሙቀት አዲሱ እንቁላል በአንድ ቀን ይፈለፈላል።