በመቀጮ የተጀመረው ድርጅት

በ1919 የጸደይ ወራት ለንደን ውስጥ፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ፣ አንዲት የአርባ ሁለት ዓመት እንግሊዛዊት ወረቀት ስታድል በፖሊስ ተያዘች። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ወረቀቱ ላይ የአንድ ኦስትሪያዊ ሕፃን ፎቶግራፍ ታትሟል፤ ራሱ የገዘፈ፣ እጅና እግሩ የሰለለ፣ ለመቆም አቅም ያነሰው ልጅ። ባለሥልጣናቱን ያስቆጣው ግን ፎቶው ብቻ አልነበረም። ልጁን እዚህ ያደረሰው የእኛው ከበባ ነው የሚል ቃል አብሮ ሰፍሯል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ኅዳር 1918 ላይ ቆሟል። እንግሊዝና አጋሮቿ ግን ጀርመን የሰላም ውሉን እስክትፈርም ድረስ የባሕሩን መንገድ ዘግተው ቆዩ። እህልና ወተት ሲጠፋ ደግሞ ቀድሞ የሚሞተው ጄኔራሉ ሳይሆን ሕፃኑ ነው። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ጋዜጦች ይህን ማንሳት አይፈልጉም ነበር። ወረቀት አዳዪቱ ኤግላንታይን ጄብ ይህን ልታውቅ የቻለችው እህቷ ዶሮቲ በክስተን በጦርነቱ ዘመን የጠላት አገር ጋዜጦችን በመንግሥት ፈቃድ እያስመጣች ታስተረጉም ስለነበር ነው። ኤግላንታይንም ከተርጓሚዎቹ አንዷ ነበረች።

ግንቦት ላይ ችሎት ቀረበች። ወረቀቱን ለሳንሱር ሳታቀርብ አሰራጭታለች ነው ክሱ። ጠበቃ አላቆመችም። በሕጉ እንደማትረታ ታውቃለችና ስለ ሕጉ ብዙ አልተሟገተችም። ጋዜጠኞቹ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ያገኘችውን ጊዜ ስለ ሕፃናቱ ለመናገር አዋለችው። አምስት ፓውንድ ተቀጣች። ችሎቱ ሲያበቃ ዐቃቤ ሕጉ ሰር አርችቦልድ ቦድኪን የመቀጮዋን ያህል፣ አምስት ፓውንድ፣ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እሷም ገንዘቡን እህትማማቾቹ ሊያቋቁሙት ለተነሡት የሕፃናት መርጃ የመጀመሪያ መዋጮ አደረገችው። ዛሬ በአማርኛ ሕፃናት አድን ድርጅት የምንለው የዚያ መርጃ ውጤት ነው። የመጀመሪያ ለጋሹ ከሳሹ የሆነ ድርጅት ሌላ ይኖር ይሆን?

በዚያው ወር በ19ኛው ቀን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ሕዝብ ተሰበሰበ። ሊወረውሩባት የበሰበሰ ፍራፍሬ ይዘው የመጡ እንደነበሩ ይነገራል። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ልጁን ወይም ወንድሙን ጦር ሜዳ ላይ ቀብሮ በመጣ ሰው ፊት ቆሞ ለጠላት ልጅ ወተት መለመን ቀላል አይደለም። ስብሰባው ሲበተን ግን ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ድርጅቱም ቆሟል። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ጠላት እንደሌለው የተናገረው ያኔ ነው ይባላል።

ስለዚች ሴት ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ልጅ ወዳድ አለመሆኗ ነው። በወጣትነቷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆና ሞክራው ብዙም ሳትቆይ ተወችው፤ ከልጆች ጋር መዋል እንደማይሆንላት ራሷ ትናገር ነበር። አላገባችም፣ አልወለደችም። እኛ አገር የሕፃናት መርጃ የሚያቋቁም ሰው የሚመሰገነው በእናትነት አንጀቱ ነው፤ ደግሞም በከንቱ አይደለም። በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው ከወሎ ረሃብ ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት እዳዬ አበበች ጎበና፣ የልጆቹ ቁጥር 21 ሲደርስ ትዳራቸውን ትተው ከእነሱ ጋር መኖርን መርጠዋል። ያንን ያስቻላቸው ፍቅር ነው። ፍቅር ግን ብዙውን ጊዜ ዓይን ካየውና እጅ ከዳሰሰው አይርቅም። አይታው ለማታውቀው፣ ወገኗም ላልሆነ ልጅ የቆመችው ጄብ የተነሣችው ከሌላ ቦታ ነው። ልጁን የሚወደው ማነው ብላ አልጠየቀችም፤ ዕዳ ስላለበት የሚጠየቀው ማነው ነው ያለችው።

ይህ አቋም ዋናው ፈተና የገጠመው በሩሲያ ነው። በ1921 በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ረሃብ ገባ። አገሪቱ የቦልሼቪኮች ናት፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሥራ ያጣው ሰው እልፍ ነው። ዴይሊ ኤክስፕረስ የተባለው ጋዜጣ የራሳችን ድሃ እያለ ለቦልሼቪክ ልጅ ምን ያስጨንቀናል ብሎ በሕፃናት አድን ድርጅት ላይ ዘመተ። ድርጅቱ ግን 600 ቶን እርዳታ የጫነች መርከብ ላከ፤ ሳራቶቭ ውስጥና በዙሪያዋ ማዕድ ቤቶች ከፈተ፤ በቀን 300,000 የሚደርሱ ሕፃናትን መገበ። ለሐሜቱ የሰጠው መልስም ብልህ ነበር። ካሜራ የያዘ ሰው ወደ ሳራቶቭ ላከና ፊልም ቀረጸ፤ ፊልሙንም በየከተማው እየዞረ አሳየ። የጋዜጣ ሙሉ ገጽ በገንዘብ ገዝቶ ልመናውን እንደ ሸቀጥ ማስታወቂያ አወጣ። የበጎ አድራጎት ሰዎች ይህን ነውር ነው ባሉበት ዘመን ጄብ ምጽዋት እንደ ንግድ በሥርዓት ካልተመራ ለተራበው አይደርስም ባይ ነበረች።

ረሃብ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮ ይዞ መለመን ማብቂያ እንደሌለው የገባትም ያኔ ይመስለኛል። ጄኔቭ ላይ ተቀምጣ አምስት ነጥብ ብቻ ያላት አንዲት አጭር ጽሑፍ አረቀቀች። ልጅ በሥጋም በመንፈስም የሚያድግበትን ያግኝ፤ የተራበው ይብላ፣ የታመመው ይታከም፣ ያጠፋው ይመለስ፣ ወላጅ ያጣው ይጠለል፤ በመከራ ቀን እርዳታ ቀድሞ ለእሱ ይድረስ፤ ሠርቶ የሚያድርበትን ይማር፣ ጉልበቱም አይበዝበዝ፤ ችሎታው ለወገን አገልግሎት መሆኑን እያወቀ ይደግ። መግቢያው ዘርና ዜግነት ሃይማኖትም ሳይለይ የሰው ልጅ ለሕፃን ካለው ሁሉ የተሻለውን የመስጠት ዕዳ አለበት ይላል። የዓለም መንግሥታት ማኅበር መስከረም 26 ቀን 1924 አጸደቃት። አስገዳጅ ሕግ አልነበረችም። ጄብም በ1928 ጄኔቭ ውስጥ በ52 ዓመቷ ስትሞት ከዚያ ያለፈ አላየችም።

ጉድለቱንም መሸፈን አይገባም። በ1931 የእሷ ማኅበር ስለ አፍሪካ ሕፃናት ጄኔቭ ላይ ጉባኤ ሲጠራ ከአፍሪካ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ስለ ልጆቻችን የመከሩት በአብዛኛው ሚሲዮናውያንና የቅኝ ገዢ ሹማምንት ናቸው። ለዚህ መልስ የተሰጠው ከ59 ዓመት በኋላ ነው፤ የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው በ1990 አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካውያን መሪዎች ነው።

ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ፤ ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይነካናልና። የተራበ ሕፃን ምስል ለዓለም በማሳየት ከማንም በላይ የምንታወቀው እኛ ነን። ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም ከንጉሡ ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የዚያ ፊልም ኃይል ተጠያቂውን በማሳየቱ ላይ ነበር። (ፊልሙን ያሳየው ደርግ አሥር ዓመት ቆይቶ የአብዮቱን በዓል ሲያደምቅ የራሱን ረሃብ ሸሸገ።) ጥቅምት 1984 ላይ ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው ምስል ደግሞ የዓለምን ኪስ ከፈተ፤ ብዙ ነፍስም አተረፈ። ይሁንና ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ ከሥዕሉ ውጭ ቀሩና ሁሉም ነገር ድርቅ ሆነ። ልጆቹ ተመጸወቱ፤ ማንም ግን አልተጠየቀም። ጄብ ያደለችው ወረቀት ላይ ከፎቶው ጋር የነበረው ቃል በዚያኛው ጊዜ አልነበረም።

ያ ቃል አስፈሪ መሆኑን መንግሥታት ያውቃሉ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተቀብላለች፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36ም ሙሉ በሙሉ የሕፃናት መብት ነው። እንዲያም ሆኖ አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዓ.ም. ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ልጁን ማብላትና ማልበስ ይቻላል፤ መብቱ ተጥሷል ብሎ መናገር ግን አይቻልም። በመብት ላይ ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶች ወይ ተዘጉ ወይ ሥራቸውን ወደ እርዳታ ቀየሩ። ክልከላው የተነሣው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዓ.ም. ነው።

አፍን ይይዝ የነበረው ያ አዋጅ ተነሥቷል፤ የቀረው ልማዱ ነው። ስለዚህ ለሕፃናት ድርጅት የምትለግሱ ሁሉ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲላክላችሁ ስንት ልጅ እንደበላና ስንት ደብተር እንደታደለ አንብባችሁ አትለፉ። ልጆቹ ለምን ተራቡ፣ ለምን ጎዳና ወጡ፣ ይህንንስ ለየትኛው ባለሥልጣን በጽሑፍ አቀረባችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው።