ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ ጎረቤቱን ለማሸነፍ ሊጠቀምበት ይገባዋልን? ጥያቄውን ወደ ንግድ፣ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ምርጫ ብንወስደው ቶሎ ይከብዳል፤ ወገንም ያስለያል፡፡ ስለዚህ አንባቢ ከፈቀደልኝ በጨዋታ ልጀምረው፡፡ ጨዋታ አንድ ደግ ነገር አለው፤ የሚጠፋው ቆርኪ ወይም ካርታ ብቻ ነው ስለምንል ጠባያችንን ብዙም ሳንሸሽግ እንጫወታለን፡፡

እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘ የካርታ ጨዋታ አወጣ፡፡ እኛ ከምናውቀው ካርታ የሚለየው ተጫዋቾቹ ከአንድ ክምር የማይስቡ በመሆናቸው ነው፡፡ እያንዳንዱ ገዝቶም ተለዋውጦም ካከማቻቸው ካርታዎች መርጦ የራሱን ክምር ከቤቱ ሠርቶ ይመጣል፡፡ በተለመደው ሕግ ክምሩ ከ60 አያንስም፤ ከመሠረታዊዎቹ በቀር አንድ ዓይነት ካርታ ከ4 በላይ አይገባበትም፤ በውድድር ላይ ደግሞ እስከ 15 የሚደርሱ መለወጫዎች በጎን ይያዛሉ፡፡ እንግዲህ ጨዋታው የሚጀመረው ከዋዜማው ማታ ነው ማለት ይቻላል፡፡ «ነገ የምገጥመው ማንን ነው?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣውም ያኔ ነው፡፡ በታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈውን ክምር አስመስሎ መሥራት ይቻላል፡፡ ነገር ግን በሰፈሩ ሱቅ የሚሰበሰቡት፣ ስምንት ናቸው እንበል፣ የዓለም ሻምፒዮኖች አይደሉም፡፡ አንዱ ጥድፊያ ይወዳል፤ አንዱ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ሌላው ውድ ካርታውን ሳያሳይ ወደ ቤቱ መሄድ አይሆንለትም፡፡ ብልሁ ተጫዋች ክምሩን የሚሠራው ለእነዚያ ስምንት ሰዎች ነው፡፡ የእኛ ሰው ይህን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብሎ ከጨረሰው ቆይቷል፡፡

በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበር፡፡ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪደርስ ድረስ ሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ እንደፈቀደው ሠራዊቱን ያሰልፋል፡፡ በ19ኛው መቶ ዘመን በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ ሰንጠረዣችን ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በታሪኩና በሥርዓቱ ላይ ጥናት አሳትመዋል፡፡ በወረራ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው ከራስ ሠራዊት ይልቅ በተጋጣሚው እጅ ላይ ነው፡፡ እሱ ወደ ቀኝ ሲያከማች አንተ ቀኙን ታጠናክራለህ፤ እሱም ያንን አይቶ ይለውጣል፡፡ ደግሞ ማሸነፍ ሁሉ እኩል አልነበረም፤ ንጉሡን በኃይለኞቹ ማት ያደረገ ብዙም አይመሰገንም፤ በትንንሾቹ ወታደሮች ማት ያደረገ ግን ይሞገስ ነበር፡፡ አባቶቻችን ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን ያሸነፉበትንም መንገድ ይመዝኑ ነበር ማለት ነው፡፡

አሁን ወደ ገራዶ ልውረድ፡፡ መውረድ ያልኩት ደሴ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ነው፡፡ አጎቴ እዚያ ይኖራሉ፤ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ማታ ማታ ዳማ ይጫወታሉ፡፡ ሰሌዳው በእስክሪብቶ የተሰመረ ካርቶን ነው፤ ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ ያንዱ ፊቱን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ያንዱ ይገለበጣል፡፡ ተሸናፊ ሻይ ይጋብዛል፡፡ የዘወትር ተጫዋቾቹ ስድስት ቢሆኑ ነው፤ አጎቴም ስድስቱን ስድስት ዓይነት ነው የሚጫወቷቸው፡፡ ልብስ ሰፊው ለመንገሥ ስለሚቸኩል የኋላ ረድፉን ቶሎ ይፈታል፤ ለእሱ መንገዱን ይለቁለትና በኋላ በኩል ይገቡበታል፡፡ ጡረተኛው መምህር ጠርዝ ጠርዙን መሄድ ይወዳሉ፤ ለእሳቸው መሐሉን ይይዛሉ፡፡ ለካስ የአጎቴ ዳማ ግማሹ የሰው ጥናት ኖሯል!

ይህ ጥናታቸው ገራዶ ላይ ብቻ እንደሚሠራ ያየሁት የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ በሄድን ጊዜ ነው፡፡ ምሳ በበላንበት ቤት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸነፋቸው፡፡ «ሰውየውን መች አወቅሁት» አሉ ሲነሱ፤ የከፋቸው አይመስሉም ነበር፡፡ እኔም ቢሆን ከየትም ለመጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሚጫወት ሰው ይልቅ ለሚያውቀው ሰው የሚጫወት ይበልጥብኛል፡፡ የተጋጣሚን አመል አጥንቶ መምጣት ለዚያ ሰው ዋጋ መስጠት ነው፡፡

ችግሩ ከስድስቱ መካከል ከአንደኛው ጋር መጣ፡፡ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሴት ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች፡፡ ዓርብ ማታ ትደውላለች፤ ሳትደውል የቀረች እንደሆነ ሰውየው እስከ ሌላው ዓርብ ሰው አይሆኑም፡፡ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያወቀው እሳቸው ራሳቸው ቡና ላይ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ፣ ስለተናገሩት ነው፡፡ ከተጫዋቾቹ ታናሽ የሆነ አንድ ወጣት ታዲያ ዘበኛውን መግጠም የሚወደው ስልኩ ባልጮኸበት ሳምንት ሆነ፡፡ ጨዋታው ሲጠብቅ ቆርኪውን እየገፋ «አባባ፣ ዛሬም አልደወለችም?» ይላል፡፡ እጃቸው ወዲያው ይሳሳታል፤ ሻዩም ይመጣል፡፡

አጎቴ ይህን ሁለት ጊዜ አዩና በሦስተኛው ቆርኪያቸውን ለቅመው ኪሳቸው ከተቱት፡፡ ወጣቱ ግን ዝም ብሎ የሚቀበል አልነበረም፡፡ «ጋሼ፣ እርስዎስ የልብስ ሰፊውን ችኮላ አይደል የሚበሉበት? ችኮላም አመል ነው፣ ጭንቀትም አመል ነው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ፡፡ አጎቴ «እኔ ችኮላውን ያየሁት ሰሌዳው ላይ ነው» ብለው ዝም አሉ፡፡

መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን አልበቃኝም፡፡ ልብስ ሰፊው የሚቸኩለው እኮ የበዓል ልብስ የሚጠብቅ ደንበኛ ደጁ ስለሚቆምም ነው፤ ችኮላውን ይዞት የመጣው ከኑሮው ነው፡፡ በትንሽ ሰፈር ከሰሌዳ የተገኘውን እውቀት ከጎረቤትነት ከተገኘው የሚለይ አጥር የለም፡፡ እኔ ልዩነቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው፡፡ ልብስ ሰፊው በችኮላው በተደጋጋሚ ከተበላ በኋላ የኋላ ረድፉን መጠበቅ ጀምሯል፤ አጎቴም በፊናቸው ዘዴ ለውጠዋል፡፡ ወረራ ላይ ሁለቱም እንደገና መሰለፍ ይችላሉ፤ የአሜሪካኖቹም 15 መለወጫ ለሁለቱም እኩል የተፈቀደ ነው፡፡ ተጋጣሚ መልስ ሊሠራለት የሚችል ጥቃት፣ ምንም ያህል ቢመር፣ ጨዋታ ነው፡፡ ላልጮኸ ስልክ ግን ዘበኛው ምን ዓይነት ቆርኪ ያሰልፋሉ? ቡና ላይ የነገሩትም ጭንቀት እንዲካፈሉላቸው እንጂ በሻይ እንዲመነዘር አልነበረም፡፡

ወጣቱ ከሱቁ ሌላ ቆርኪ ለቅሞ ጨዋታው ቀጠለ፡፡ የገረመኝ ዘበኛው አሁንም ከእሱ ጋር መቀመጣቸው ነው፡፡ ባለፈው ወደ ገራዶ የሄድኩ ጊዜ ለብቻቸው ሳገኛቸው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው፡፡ «ሌላውማ እንዳልከፋ ብሎ ስሟን አያነሳብኝም፤ እሱ ግን ይጠይቀኛል» አሉኝ፡፡

ይህ መልስ የወጣቱን ሥራ ደግ አያደርገውም፤ እሱ የሚጠይቀው ለሻዩ መሆኑን እሳቸውም አያጡትም፡፡ ግን የእኛ የሌሎቻችን ዝምታ ምን እንደነበር እንዳስብ አድርጎኛል፡፡ ለአጎቴ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ አላነጋገሩኝም፡፡ በማግሥቱ ማታ ሱቁ ደጃፍ ሄደው ከዘበኛው አጠገብ ተቀመጡ፤ ቆርኪያቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም፡፡