ተስፋ ማድረግ ራስን ማታለል ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአንድ እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሳንወጣ ቆመን ስንጨዋወት፣ ከወንድሞቻችን አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «ሀገራችን ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም። እኛም ትምህርታችንን ስንጨርስ ምን እንደሚጠብቀን አናውቅም። ታዲያ በየሳምንቱ ስለ ተስፋ መዘመራችን ራሳችንን ማታለል አይሆንምን?» ብዙዎቻችን ለመመለስ ተሽቀዳደምን። የተናገርነው ሁሉ ግን እርሱን ቀርቶ እኛን ራሳችንን አላረካንም። ስለሆነም ጥያቄውን በዚህች አጭር ጽሑፍ እንደገና ልንመለከተው ወደድን።

በመጀመሪያ ልናውቀው የሚገባን ይህ ጭንቀት በእኛ ትውልድ ያልተጀመረ መሆኑን ነው። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ሲገደሉ ሀገሪቱ በጠላት እጅ ነበረች፤ የ1933ን ነጻነት በዓይናቸው አላዩም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተወገዱ፣ በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ። በዚያው በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጠር፣ ወላጆቻችን ግን መሄዳቸውን አላቋረጡም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶችም ጸሎታቸውን አልተዉም። እነዚህ ሁሉ ነገ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ነገ የታወቀበት ዘመን ቢኖር ኖሮ ተስፋ የሚባል ነገር ባላስፈለገ ነበር።

እንግዲህ ተስፋ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከነቢዩ ኤርምያስ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

በኤርምያስ ዘመን ሕዝቡ በባቢሎን ቀንበር ሥር ሳለ፣ ሐናንያ የሚባል ሰው ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀንበሩ እንደሚሰበርና የተማረኩትም እንደሚመለሱ ተናገረ (ኤር. ምዕ. 28)። ይህ ለጆሮ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ግን ሐሰት ነበር። ኤርምያስ በበኩሉ ምርኮው ሰባ ዓመት እንደሚሆን ለተማረኩት ጻፈላቸው። እስከዚያው ድረስም ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አሳሰባቸው (ኤር. ምዕ. 29)። ከዚህ እንደምንረዳው «አይዞህ፣ በቅርቡ ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ማለት ሁሉ ተስፋ አይደለም። አንዳንዱ የሐናንያ ቃል ነው። ጥያቄውን ላነሣው ወንድማችን ያን ዕለት ከሰጠነው መልስ የሚበዛው ከዚህ ወገን እንደነበረ አሁን ይገባናል።

ቀጥሎም ያለውን እንመልከት። በንጉሡ በሴዴቅያስ ዐሥረኛ ዓመት የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቦ ነበር። ኤርምያስም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ጠየቀው። ጠላት የያዘውን መሬት ማን ይገዛል? ነቢዩ ግን በእግዚአብሔር ትእዛዝ ዐሥራ ሰባት ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ውሉን ፈርሞ አተመ፤ ምስክሮች አቆመ፤ ብዙ ዘመን ይቆይ ዘንድም በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው ለባሮክ ሰጠው (ኤር. ምዕ. 32)። እጅግ የደነቀን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኤርምያስ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ወደ እግዚአብሔር ሲጸልይ፣ ከተማዪቱ ለጠላት ተላልፋ ስትሰጥ እያየ እርሻ ግዛ መባሉ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ነቢዩም ጥያቄ ነበረው ማለት ነው። ነገር ግን ጥያቄው እስኪመለስለት ድረስ ሥራውን አላቆየም።

ስለዚህ ተስፋ ነገ ምን እንደሚሆን መገመት አይደለም፤ ተስፋ በእግዚአብሔር ቃል ታምኖ ዛሬ የሚገባውን መሥራት ነው። የሚገምት ሰው ግምቱ ሲከሽፍ ይወድቃል። የታመነ ሰው ግን ከተማዪቱ ብትፈርስ እንኳ ውሉ በሸክላው ውስጥ አለ።

ይህን ካልን በኋላ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግብዝነት ይሆንብናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የሀገራችን ክፍል ጦርነት ሲጀመር ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከእኛ ጋር የሚዘምር አንድ ወንድም ነበረን፤ አያቶቹ ጦርነቱ ባለበት አገር ነበሩ። ስልክ በመቋረጡ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አያውቅም ነበር። እኛ በየእሑዱ ስለ ሀገር ሰላም እንጸልያለን፤ ከጸሎት በኋላ ግን ከመካከላችን ስለ ወገኖቹ ክፉ ቀልድ የሚናገሩ ነበሩ፤ ሌሎቻችንም ሰምተን ዝም አልን። ወንድማችን መምጣት ተወ። ሰባት ሳምንት ያህል ቀርቶ የጠየቀው አልነበረም።

በመጨረሻ ከመዘምራን አንዲት ታላቅ እኅታችን ሦስታችንን ይዛ ወደ ቤቱ ወሰደችን። እናቱ ቡና አፈሉልን። ወቀሳ አልተናገሩም፤ «መምጣታችሁ ደግ ነው። እሱ እኮ እሑድ እሑድ ነጠላውን ለብሶ ይቀመጥና ቅዳሴ ሲወጣ ያወልቀዋል» ብቻ አሉን። በሚቀጥለው እሑድ አብሮን መጣ። እኛ ግን ያን የእናቱን ቃል ባስታወስን ቁጥር እስከ ዛሬ እናፍራለን።

ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ በተጣለ ጊዜ ያወጣው ማን ነበር? ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ገመዱ እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈልጎ ከብብቱ በታች እንዲያደርግ ሰጠው (ኤር. ምዕ. 38)። ይህ ሰው የኢየሩሳሌምን መፍረስ ሊያስቀር አልቻለም፤ አንድ ሰው ግን ከጉድጓድ አወጣ፤ ሲያወጣውም እንዳያመው ተጠነቀቀ። በተረፈ ባሮክ እንደምናነበው እግዚአብሔር ይህን ሰው የከተማዪቱን ጥፋት እንዳያይ ስድሳ ስድስት ዓመት አስተኝቶ አኖረው፤ በነቃም ጊዜ የያዘው በለስ ትኩስ ነበር። አባቶቻችን ይህን ታሪክ ጠብቀው ያቆዩልን በከንቱ አይደለም። እኛ የአቤሜሌክ አገር ልጆች ነን እያልን ወንድማችንን በጉድጓድ ውስጥ ትተን ብንዘምር መዝሙራችን ምን ይጠቅማል?

የተስፋችን መሠረት ግን ኤርምያስም አቤሜሌክም አይደሉም፤ ሞትን ድል ነሥቶ የተነሣው ክርስቶስ ነው። ቅዱሳት አንስት በሌሊት ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ ሲገሠግሡ ድንጋዩን ማን እንደሚያንከባልልላቸው አያውቁም ነበር፤ በመንገድ ላይም ይህንኑ ይነጋገሩ ነበር (ማር. ምዕ. 16)። ቢሆንም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ሲደርሱ ድንጋዩ ተንከባሎ አገኙት። በቤታቸው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ የትንሣኤው የመጀመሪያ ምስክሮች ባልሆኑ ነበር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም በሌሎች የሀገራችን ክፍሎች ደም ፈሷል። የሀገራችንን ድንጋይ ማን እንደሚያንከባልለው እኛም አናውቅም። የምንገዛው እርሻ ግን በእጃችን ነው። ተማሪ የሆነ ሳይኮርጅ ይማር፤ ክፉ ወሬ የሰማ ከእርሱ አያሳልፍ፤ በወገኑ ምክንያት የሚሰደበውን ያየ ዝም አይበል፤ ከጉባኤ የቀረውንም በሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን ዛሬውኑ ሄደን እንጠይቀው።

ለጠየቀን ወንድማችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ እጅን አጣጥፎ ተስፋ ማድረግ በእርግጥ ራስን ማታለል ነው። እርሻውን እየገዙ ተስፋ ማድረግ ግን እምነት ነው። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።