የመዝጋቢው ሁለት እጆች

መዝገብ ጠባቂ ግብር ሰብሳቢም ይሁን? ጥያቄው የሒሳብ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው እንላለን።

እስቲ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የአሜሪካንን ቨርጂኒያ እንይ። እዚያ የቤት ማዛወሪያ ሰነድ የሚመዘገበው ሕዝብ ለ8 ዓመት በሚመርጠው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው። ጸሐፊው ከየ100 ዶላሩ 25 ሳንቲም ለግዛቲቱ ይቀበላል፤ የ400,000 ዶላር ቤት የገዛ 1,000 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ካልከፈለ ምዝገባ የለም። ያልተመዘገበ ሰነድ ደግሞ፣ ነገሩን ሳያውቅ ያንኑ ቤት በገንዘቡ በገዛ ሌላ ሰው ፊት ዋጋ ያጣል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አዟል። የ1990 ዓ.ም. የቴምብር ቀረጥ አዋጅም በባለንብረትነት ሰነድ ላይ ከዋጋው 2 በመቶ ጥሏል።

እንግዲህ የጸሐፊው አንድ እጅ «እውነቱን ንገረኝ፣ እጠብቅሃለሁ» ይላል፤ ሌላው እጅ «እውነቱን በነገርከኝ መጠን አስከፍልሃለሁ» ይላል። በቨርጂኒያ ስጦታ ከዚህ ግብር ነፃ ነው። ታዲያ ሽያጭ የስጦታ ልብስ ለብሶ ቢመጣስ? ጸሐፊው ዝም ቢል ሐቀኛው የውሸታሙን ዕዳ ይሸከማል፤ ሁሉን ልመርምር ቢል ደግሞ መዝገብ ቤቱ የምርመራ ክፍል ይሆናል።

«ሥራው ለሁለት ይከፈላ!» የሚሉ አሉ። አንስማማም። ሁለት ቢሮ ማለት ሁለት ሰልፍ፣ ምናልባትም ሁለት እጅ መንሻ ነው። ልኩ በሕግ ከተጻፈና መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ከሆነ አንድ መስኮት ይሻላል።

የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ያለው ሰው ከፍሎ ይገባል። ድሀዋ ግን ሰነዷን ይዛ ትመለስና ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ መብቷም ከዚያው ጋር ይቆለፍበታል። ጥበቃ ይበልጥ የሚያስፈልጋት እኮ እሷ ነበረች! መንግሥት ዕዳውን ቢጠብቅ አይሞትም፤ ዳኛም ኃይልም አለው። እሷ ያላት ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይመዝገብላት፤ ግብሩም እዚያው መዝገብ ላይ በቤቱ ዕዳነት ይጻፍ፤ ቤቱ ሳይከፈልበት አይሸጥ። ያኔ መንግሥት አንድም ሳንቲም አያጣም፤ ድሀዋም ቤቷን አታጣም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?